ደሴ ላይ ቤት እየጨረስን ነው፤ ሳሎኑ መጅሊስ ይሁን ሶፋ? ጂፕሰሙስ?

ሰዓዳ ከደሴ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። ቤት ጨርሳችሁ የገባችሁም ሙያው ያላችሁም እባካችሁ ምከሩኝ። ደሴ ጦሳ ተራራ ስር ቤት እየሠራን ነው። ልስኑ አልቋል፣ የመብራት መስመሩ ግማሹ ገብቷል፣ አሁን ፊኒሺንግ ላይ ነን። ጭቅጭቁም እዚህ ላይ ጀመረ።

ባለቤቴ ኮርኒሱ ሙሉውን ጂፕሰም ይሁን፣ ዙሪያውን ባለ ቀለም መብራት ይግባበት ይላል። ጅዳ ያለው ወንድሜ መጅሊስ፣ ያ ግድግዳውን ተከትሎ የሚዘረጋውን የዓረብ መቀመጫ፣ አሠሩ፣ ከቲቪው ጀርባ ደግሞ ነጭ እብነ በረድ የሚመስለውን ፓኔል ለጥፉ፣ ብሩን እኔ እልካለሁ ብሏል። ለቤቱ ብዙ የደከመ ልጅ ስለሆነ ቃሉን መመለስ ይከብደኛል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በበኩሏ ኩሽናውን ከሳሎን ጋር ክፈቱት፣ ዝግ ኩሽና የድሮ ነው፣ ግድግዳውን ግራጫ ቀቡት ትላለች። እኔ ቲክቶክ ላይ ሳይ ሁሉም ያምረኛል፣ ግን ሁሉም ዱባይ ወይ ቦሌ የተሠራ ነው፣ የኛ አገር ብርድና ጭጋግ ላይ እንዴት እንደሚሆን የሚያሳይ አላገኘሁም።

ሳሎኑ 5 በ6 ነው። የኋላ ግድግዳው ወደ ተራራው ነው፣ አፈሩ በውጭ በኩል እስከ መስኮት ግርጌ ይደርሳል። ባለፈው ክረምት ከታች ነጭ ነጭ ዱቄት ነገር አውጥቶ ነበር፣ አሁን ደርቋል። ፓኔሉን ለመለጠፍ ያሰብነውም እዚያ ላይ ነው፣ ይሸፍነዋል ብለን። እማዬ አብራን ነው የምትኖረው፣ ጉልበቷን ያማታል። ቡና በቀን ሦስቴ ይፈላል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ቤታችን ሰው አያጣም አልሐምዱሊላህ።

ከዚህ ሁሉ የቱ ነው ደሴ ላይ የሚያዋጣው? ያለንን ብር መጀመሪያ የት ላይ እናውለው?


ፊኒሺንግ ኮምቦልቻ፦

እህቴ ሰዓዳ አብሽሪ፣ እዚህ ከደረሳችሁ ትልቁን አልፋችኋል። እኔ ኮምቦልቻም ደሴም የፊኒሺንግ ሥራ እሠራለሁ። ከጻፍሽው ሁሉ ያስደነገጠኝ ያ ነጭ ዱቄት ነው። ስለ መጅሊሱም ስለ ቀለሙም ከማውራታችን በፊት እሱን እንጨርስ።

ጨው ነው። ክረምት ላይ ከተራራው የሚወርደው ውሃ ከአፈሩ ወደ ግድግዳው ይገባል፣ በብሎኬቱና በሲሚንቶው ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ወደ ውስጥ ይዞት ይመጣል፣ ውሃው ሲተን ጨው ላዩ ላይ ይቀራል። አሁን ደረቅ ቢመስልሽም በሐምሌ ተመልሶ ይመጣል። እዚያ ላይ የፕላስቲክ ፓኔል ከለጠፋችሁ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ ከጀርባው ሻጋታ ይሠራል፣ ማጣበቂያውም ይለቃል። ላዩ ያብረቀርቃል፣ ቤቱ ግን ይሸታል። ተነቅሎ ሲታይ ጀርባው ጥቁር የሆነ ፓኔል ብዙ ቤት አይቻለሁ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ወደ ዳገቱ የዞረ ግድግዳ ላይ ነው።

መድኃኒቱ ከውጭ ነው። አፈሩን ከግድግዳው አርቃችሁ ቆፍሩት፣ ግድግዳውን በሬንጅ ወይም በውሃ መከላከያ ቀቡት፣ ከታች የተበሳሳ ቱቦ አስቀምጣችሁ በጠጠር ሙሉት፣ ውሃው ወደ ጎን ተዳፍቶ ይውጣ። ቁፋሮውን ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዳታደርጉት፣ በክፍል በክፍል ይሁን፣ የሚሠራውም ሰው ስለ መሠረት የሚያውቅ ይሁን፣ የደሴ ዳገት አይታመንም። ይህን ሥራ ማንም ቪዲዮ አንስቶ አያሳይሽም፣ እንግዳም አያየውም፣ ግን ከሙሉው ሳሎን ፊኒሺንግ በፊት ብር የሚገባው እዚህ ነው። መድረቁን ለማወቅ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገሽ ለጥፊ፣ በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ከላስቲኩ ጀርባ ጠል ካየሽ ግድግዳው ገና ነው ማለት ነው።

ጂፕሰሙን በተመለከተ ባለቤትሽ ልክ ነው፣ ጥሩ ነገር ነው። ግን ያ ሦስት አራት ደረጃ ያለው፣ አበባ የተቀረጸበት፣ መሀሉ ክብ የሆነው አልፎበታል። አሁን ሰው የሚያሠራው ዝርግ ሆኖ ዙሪያውን ብቻ ወረድ ያለ፣ መስኮቱ ጋ የመጋረጃ ዘንጉ የሚደበቅበት ሳጥን ያለው ነው። ሳጥኑ ወርዱ 15 ወይም 20 ሴንቲ ይበቃዋል። ዋጋውም ይቀንሳል፣ አቧራም አይዝም፣ ጣሪያውም አይጫንሽም። የእናንተ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው ወይስ ሶሌታ (የኮንክሪት)? ቆርቆሮ ከሆነ ጂፕሰሙ ከመገጠሙ በፊት ከላይ ብርድ መከላከያ አስገቡበት፣ በኋላ ለማስገባት መፍረስ አለበት። ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ላይ ደግሞ እርጥበት የሚችለውን አረንጓዴውን ቦርድ ጠይቁ፣ ተራው ጂፕሰም እንፋሎት አይችልም።

ወለል ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሐረጎን ስትወጪ አየሩ ሌላ ነው። እኛ ጋ 60 በ60 የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ እግር ያቀዘቅዛል፣ ተመስገን ነው። እናንተ ጋ ያው ሴራሚክ በጠዋት እግር ይቆርጣል። ላሚኔት ደግሞ እርጥበት ባለው ምድር ቤት ላይ ያብጣል፣ አልመክርም። እንጨት የሚመስለው፣ የማያብረቀርቀው ሴራሚክ ይሁንና መቀመጫው አካባቢ ወፍራም ምንጣፍ ይነጠፍበት።


መብራት ሠሪው፦

ከላይ ያለው ወንድሜ ጥሩ ብሏል፣ እኔ ስለ መብራቱ ብቻ ልናገር። መስመሩ ግማሽ ላይ ነው ያልሽው ዕድል ነው፣ አሁኑኑ አስተካክሉት።

ባለ ቀለሙ፣ ቀይና ሰማያዊ የሚቀያየረው ስትሪፕ (እንደ ጥብጣብ የሚዘረጋው መብራት) ለጥቂት ሳምንት ነው ደስ የሚለው። አምፖልም ስትሪፕም ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ኬልቪን የሚል ቁጥር አለ። 3,000 ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን ነው፣ 4,000 መካከለኛ፣ 6,500 ደግሞ ያ ሱቅ ውስጥ የሚታየው ነጭ ሰማያዊ። ደሴ ጭጋግ ባለበት ምሽት ሳሎን ውስጥ 6,500 ማብራት ቤቱን የበለጠ ያበርደዋል፣ የሰው ፊትም ያገረጣል። ሳሎንና መኝታ 3,000 አድርጉ፣ ኩሽና የምትከትፊበት ቦታ 4,000። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱን አታደባልቁ። መብራቱንም በአንድ ማብሪያ አትሰሩት፣ ዙሪያው ለብቻ፣ መሀሉ ለብቻ፣ ከሶፋው ጎን ያለው ለብቻ ይሁን። የስትሪፑ ትራንስፎርመር ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ስለሆነ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ፣ ጂፕሰም ውስጥ ተቀብሮ የቀረ ስንቱን አስቀድዷል።

ምጣዱን ደግሞ እንዳትረሱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጎትታል፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። ከሌላ ሶኬት ጋር በአንድ መስመር አይሆንም። የራሱ 4 ሚሊ ሽቦ፣ የራሱ ባለ 20 ብሬከር ይኑረው። ኩሽናው ምንም ያህል ቢያምር ሽቦው ከሞቀ ዋጋ የለውም።


የሆጤዋ፦

ሰዓዳዬ እኔ ደሴ ነኝ፣ ቤታችንን ጨርሰን ገብተናል። ስለ ኩሽናውና ስለ ቀለሙ ልንገርሽ።

ኦፕን ኪችን ያምራል፣ አልዋሽሽም። ልጆቹን እያየሽ ታበስያለሽ፣ ቤቱም ይሰፋል። ግን የኛ አበሳሰል ሌላ ነው። ሽንኩርት ለረጅም ሰዓት ይቁላላል፣ በርበሬ ይገባል፣ እንጀራ ይጋገራል። ከሳሎን ጋር ከከፈትሽው መጋረጃሽም ሶፋሽም ወጥ ወጥ ይላል። የምጣዱ እንፋሎት ደግሞ ካቢኔቱን ይጨርሰዋል፤ ኤምዲኤፍ የሚሉት ተጨፍልቆ የተሠራ እንጨት ጠርዙ በደንብ ካልታሸገ እንፋሎት ሲጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ አይመለስም። አሁን ብዙ ሰው የሚያደርገው ሁለት ነው። ከሳሎን ጋር የሚታየው ትንሽ ኩሽና አለ፣ ሻይ፣ ቁርስ፣ ማቅረቢያ፣ ፍሪጅ እዚያ ነው። ከኋላ ደግሞ በር ያለው፣ መስኮት ያለው ጓዳ አለ፣ ወጡና እንጀራው እዚያ። ቦታ ከሌለሽ አንዱን ዝግ አድርጊውና መሀሉ ላይ ሰፊ የመስታወት ተንሸራታች በር ይሁን። ዝግ ኩሽና የድሮ ነው የሚሉት በየቀኑ የማያበስሉ ሰዎች ናቸው ብዬ ነው የማምነው። የሥራ ጠረጴዛው ከፍታም ፋሽን ሳይሆን ጀርባ ነው፣ 85 ወይም 90 ሴንቲ፣ እንደ ቁመትሽ ለኪው።

ግራጫውን ተዪው እህቴ። ግራጫ ፀሐይ በሚበዛበት አገር ቀዝቀዝ ያደርጋል፣ እኛ ጋ ውጭው ራሱ በጭጋግ ግራጫ ሲሆን ውስጡም ግራጫ ከሆነ ልብ ይከብዳል። ዓለምም ከሱ እየወጣ ነው፣ ፓንቶን የሚባለው የቀለም ኩባንያ ለ2025 እ.ኤ.አ. የመረጠው ቡናማ ነበር፣ ሞካ ሙስ ይሉታል። ወተት የበዛበት ቡና ቀለም በይው፣ ቤታችን ካለው ነገር ሁሉ ጋር ይሄዳል። ክሬም፣ ቀለል ያለ የጤፍ ቀለም፣ ሸክላማ ቀይ፣ የወይራ ቅጠል አረንጓዴ፣ እነዚህ ናቸው አሁን የሚያምሩት። ግን ከካታሎግ አትምረጪ። ትንሽ ቀለም ገዝተሽ ግድግዳው ላይ ሰፋ አድርገሽ ቀቢውና ጠዋትም፣ ጭጋግ ሲሆንም፣ ማታ በመብራትም እዪው። ልስኑ ሳይደርቅም አትቀቢ፣ ቢያንስ 28 ቀን ይቆይ፣ ደሴ ላይ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ሳሎን ላይ የሚታጠበውን ዓይነት ጠይቂ፣ የእጣኑን ጭስ ጠርገሽ ታነሺዋለሽ።

ግድግዳ ላይ የቻይና ሥዕል ከምትሰቅዪ ሰኞ ገበያ ውጪና ስፌት ምረጪ። ትልቅ ትንሽ እያደረግሽ አምስት ስድስት ሰፌድ በአንድ ግድግዳ ላይ ስትሰቅዪ የሚሰጠውን ሙቀት ምንም ፓኔል አይሰጥሽም። ባና ደግሞ ሶፋ ላይ ጣል አድርጊበት፣ የደጋው ሱፍ ነው፣ ብርዱንም ያስታግሳል። አሁን በውጭ አገር በእጅ የተሠራ፣ የተፈጥሮ፣ ሻካራ ነገር ነው የሚፈለገው። እኛ ጋ ይሄ ከድሮም አለ፣ ሴቶቻችን እጃቸው ላይ ነው፣ ብሩም እዚሁ ይቀራል።


ሰዓዳ ከደሴ፦

አላህ ይስጣችሁ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅሁም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ባለቤቴ የላስቲኩን ነገር ዛሬውኑ ሊሞክረው ነው። ስለ ወንድሜ ግን አሁንም ጨንቆኛል። መጅሊሱን እንቢ ልለው? እማዬ ደግሞ መሬት አካባቢ ከተቀመጠች መነሳት አትችልም።


ፍራሽና መጅሊስ፦

ለምን እንቢ ትይዋለሽ? ወንድምሽ ያሰበው እንግዳ ሰብሰብ ብሎ እንዲቀመጥ ነው፣ ያ ደግሞ የወሎ ቤት ጠባይ ነው። አባቶቻችን ግድግዳውን ተከትሎ የተሠራ መደብ ላይ ነበር የሚቀመጡት፣ መጅሊስ ለኛ እንግዳ አይደለም።

እኔ የምሠራው ሥራ ስለሆነ ዝርዝሩን ልስጥሽ። መሬት ላይ የሚነጠፈውን ዓይነት ተዉት። ከታች የእንጨት ሳጥን ይሠራ፣ ፍራሹ ሲጨመርበት ጠቅላላ ከፍታው 40 ሴንቲ ይድረስ። ለእናትሽ ደግሞ ጥግ ላይ ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ከፍታ ያለው፣ እጀታ ያለው ወንበር ለብቻ ይቀመጥላቸው፣ በእጃቸው ተደግፈው እንዲነሱ። ከመጅሊሱ ጨርቅ ጋር አንድ ዓይነት ይልበስ፣ ያን ጊዜ የእሳቸው ቦታ ተለይቶ የክብር ቦታ ይሆናል። ሳጥኑ ስር ብርድ ልብስና የእንግዳ ፍራሽ ይገባል፣ ግን የኋላውን ግድግዳ እንዳይነካ ጥቂት ሴንቲ ራቅ ይበል፣ አየር ይለፍበት።

ስፖንጁን ስትገዙ በውፍረቱ አትታለሉ፣ ክብደቱን ጠይቁ። በአንድ ሜትር ኩብ 30 ኪሎ እና ከዚያ በላይ የሆነው ነው የሚቆየው፣ ከዚያ በታች ያለው ቶሎ ይጎደጉዳል። ጨርቁ ዚፕ ያለው፣ ወልቆ የሚታጠብ ይሁን። ነጭ አትምረጪ፣ ቡና የሚፈላበት ቤት ነው። ሦስቱን ግድግዳ ሁሉ አትሙሉት፣ በሁለቱ ግድግዳ ኤል አድርጉትና መሀሉ ክፍት ይሁን፣ ለረከቦቱም ለስግደቱም ቦታ ይኑር። መተላለፊያው 90 ሴንቲ ይጠበቅ።

ፓኔሉንም ጨርሶ አትከልክዪው። ወደ ተራራው ባለው ግድግዳ ላይ አይሆንም እንጂ በክፍሎች መሀል ያለው ደረቅ ግድግዳ ላይ ችግር የለውም። ቲቪውን ወደዚያ አዙሩት። እኔ ግን እብነ በረድ ከሚመስለው ይልቅ ቀጭን ቀጭን የእንጨት ዘንግ የተደረደረበትን እመርጣለሁ፣ ሞቅ ይላል፣ አሁንም የሚወደደው እሱ ነው። ለወንድምሽ ፎቶውን ላኪለት፣ ይወደዋል።


ነርስ ዘቧንቧ ውኃ፦

ይቅርታ ቆይቼ ገባሁ። ሁላችሁም ጥሩ ጽፋችኋል፣ አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳም፣ እኔ ሥራ ቦታ የማየው ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ቡና በቀን ሦስቴ ይፈላል ብለሻል። በከሰል ነው መሰለኝ። የድሮ ቤቶቻችን ነፋስ ያስገቡ ነበር፣ በበሩም በጣሪያውና በግድግዳው መሀልም ክፍተት አለ። አዲሱ ቤት ግን የአልሙኒየም መስኮቱ ጥብቅ ነው፣ ጂፕሰሙ ላይኛውን ክፍተት ሁሉ ይዘጋል፣ ወፍራም መጋረጃ ይጋረዳል። ከዚያ ብርድ ነው ብለው በር ዘግተው ከሰሉን ያስገባሉ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ሰውዬው አየር እየሳበ ይታፈናል። ሲጀምር ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ ነው። ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ይተኛል። እንደ እናትሽ ያሉ ትልቅ ሰዎች፣ ሕፃናትና እርጉዞች ቶሎ ይጎዳሉ። ከሰሉ በደንብ ተቀጣጥሎ ጭሱ ስለጠፋ ብቻ አደጋው አልጠፋም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም።

ስለዚህ እባክሽ ሳሎኑ ሲሠራ የቡናው ቦታ ከመስኮቱ አጠገብ ይሁን እንጂ የውስጥ ጥግ ላይ አይሁን። አሁን የቡና ማዕዘን ብለው መደርደሪያና መብራት አድርገው የሚያሠሩት በጣም ያምራል፣ እወደዋለሁ፣ ግን ጀርባው አየር ይኑረው። የሚቻል ከሆነ ሶኬት አስደርጊበት፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍልተሽ ረከቦቱ ላይ ብታቀርቢው ሥርዓቱ አይጎድልም። በከሰል ከሆነ መስኮቱ ይከፈት፣ ማታ ደግሞ ፍሙ ከቤት ይውጣ፣ መኝታ ክፍል ለሙቀት ብላችሁ በፍጹም እንዳታስገቡት።


ፊኒሺንግ ኮምቦልቻ፦

ነርሷ እህታችን የተናገረችው እውነት ነው፣ እኔም ከአሁን በኋላ ለምሠራላቸው ሁሉ እናገራለሁ። በሥራ ቋንቋ ላስቀምጠው። ሰዓዳ፣ ጂፕሰም ሠሪው ከመግባቱ በፊት በሁለት ተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ 15 በ15 ሴንቲ የሆነ የማይዘጋ የአየር ቀዳዳ ይበሳ። በውጭ በኩል ወንፊትና ዝናብ መከላከያ ክዳን ይደረግለት። ጂፕሰሙ የሚወርደው ከቀዳዳው በላይ እንዲሆን ከፍታውን አስቀድማችሁ ለኩ፣ አለበለዚያ ቀዳዳው ከኮርኒሱ በላይ ይቀርና ለቤቱ ምንም አይጠቅምም። ብርድ ይገባል ብሎ ባለቤትሽ ቢከራከር ከላይ ያልኩት የቆርቆሮው ብርድ መከላከያ ከዚህ ቀዳዳ የሚገባውን ያካክሳል በይው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ የውጭው ቁፋሮና ቱቦው በጋ ሳለ ይለቅ፣ ቀጥሎ ቀዳዳውና የመብራት መስመሩ፣ ከዚያ የጣሪያው መከላከያና ጂፕሰሙ፣ ከዚያ ስቱኮ (ከቀለም በፊት ግድግዳ ማለስለሻው) እና የመጀመሪያው ቀለም፣ ከዚያ ወለሉና ዙኮሎው (የግድግዳው ግርጌ ጠርዝ)፣ የመጨረሻው ቀለም ከወለሉ በኋላ። መጅሊሱን ከመለካታችሁ በፊት ወለሉና ዙኮሎው አልቆ ይሁን፣ የግድግዳው ልክ ስለሚቀየር። የኋላው ግድግዳ ብቻ ስቱኮ ሳይነካው አንድ ክረምት ይለፈው፣ እስከዚያ ስፌቱን ሌላው ግድግዳ ላይ ስቀሉት።